ልጅ ደጋግሞ ራሱን ሲስት… ክኒን ወይስ ውሃ?

ሰኞ ጠዋት ነው። የባንዲራ ሰልፍ። ርዕሰ መምህሩ ስለ ዩኒፎርም፣ ስለ ማርፈድ፣ ስለ ፀጉር አቆራረጥ… ብቻ ስለማያልቅ ነገር ያወራሉ። ፀሐይዋ አናት አናት ትላለች። መሐል ረድፍ ላይ የቆመችው የ13 ዓመት ልጅ ቁርስ አልቀመሰችም። መጀመሪያ ፊቷ ወየበ፤ ቀጥሎ ላብ አጠመቃት፤ “ዓይኔ ጨለመ…” ብላ ሳትጨርስ ተዝለፍልፋ ወደቀች።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዱ ክብሪት ይጭራል፤ ሌላው ውሃ ይደፋባታል፤ አንዷ ብብቷን ይዛ ልታቆማት ትታገላለች፤ ከኋላ ያለው ደግሞ “አትንኳት! የሚጥል በሽታ ነው፣ ይጋባል!” ይላል። (በነገራችን ላይ የሚጥል በሽታ በመንካት አይጋባም። ይህን ወሬ እዚሁ ቀብረነው እንለፍ።) ልጅቷም ደቂቃ ሳይሞላ ዓይኗን ትገልጣለች።

ማታ ቤት ውስጥ ሦስት ፍርድ ይሰማል። አያት “ዓይን ነው፤ ጠበል ውሰዷት” ይላሉ። ጎረቤት “ደም ማነስ ነው፤ ጉበት አብሏት” ትላለች። አባት “ቁርስ አልበላም ስትል ነዋ!” ብሎ ይቆጣል። ነገሩ በአንድ የትምህርት ዘመን ለሦስተኛ ጊዜ ሲደገም ግን እናት ሌላ ጥያቄ ታነሳለች። “ቆይ… ለዚህ ነገር ክኒን የለውም እንዴ?”

አለው። ያውም አንድ ሁለት አይደለም። ግን ልብ በሉ! ራሳቸውን ከሚስቱት ልጆች ለአብዛኞቹ ክኒኑ አያስፈልግም። ለጥቂቶቹ ደግሞ ክኒኑ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ሁለቱን ያላዩ ወላጆች አንዱን ልጅ በማያስፈልገው መድኃኒት ያደነዝዛሉ፤ ሌላውን ደግሞ “ፀሐይ መታው” እያሉ ያጡታል። የዛሬው ወጋችን ስለዚህ ልዩነት ነው።

ለመሆኑ ምን ሆኖ ነው የሚወድቀው?

ሰው ሲቆም ደሙ እንደማንኛውም ፈሳሽ ወደ ታች ያደላል። ሰውነት ታዲያ ዝም ብሎ አያይም። የእግርና የሆድ ደም ሥሮችን ጠበብ፣ የልብ ምትን ፈጠን አድርጎ ደሙን ወደ ላይ ይመልሰዋል። አንዳንድ ልጆች ላይ ግን ይህ ቁጥጥር አንዳንዴ ይገለበጣል፤ በተለይ ብዙ ሲቆሙ፣ ሲሞቃቸው፣ ሲርባቸውና ሲጠማቸው፣ መርፌ ወይም ደም ሲያዩ። መፍጠን የነበረበት ልብ ይዘገያል፤ መጥበብ የነበረባቸው ደም ሥሮች ይላላሉ። የደም ግፊት ቁልቁል ይወርዳል። አንጎል ለጥቂት ሰከንዶች ደም ያጥረዋል። ልጁ ይወድቃል።

ሲወድቅስ? ጭንቅላትና ልብ እኩል ይሆናሉ፤ ደሙ ወደ አንጎል ይመለሳል፤ ልጁ ይነቃል። ነገሩን ካሰባችሁት መውደቁ ራሱ ሕክምና ነው! ስለዚህ የወደቀን ልጅ ደግፎ ማቆም፣ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ውለታ አይደለም። በጀርባው አስተኙት፤ እግሮቹን ከፍ አድርጉ፤ ሰዉን ገለል አድርጋችሁ አየር ስጡት። በደንብ ሳይነቃ ምንም ነገር በአፉ አትስጡት። ክብሪቱንም ለምድጃ ተዉት።

ሐኪሞች ይህን ዓይነቱን አወዳደቅ “ቫዞቫጋል ሲንኮፕ” ይሉታል። ስሙ የተገኘው ከአንጎል ወደ ልብ ከሚወርደው ቬገስ ከተባለው ነርቭ ነው። ብርቅ ነገር አይደለም። ከ100 ልጆች 15 ያህሉ የጉርምስና ዕድሜያቸውን ሳይጨርሱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ራሳቸውን ይስታሉ። በብዛት የሚታየው በአፍላነት ዕድሜ ነው፤ በሴቶች ላይ ደግሞ ይበዛል።

“ታዲያ የዘገየውን ልብ የሚያፈጥን መድኃኒት መስጠት ነዋ!” የሚል ይኖራል። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ቶማስ ሉዊስ የተባሉ ብሪታኒያዊ የልብ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1932 ባወጡት ጽሑፍ፣ ራሱን ለሳተ ሰው አትሮፒን ሲሰጥ የሚሆነውን ጽፈዋል። የልብ ምቱ ፈጠነ፤ የደም ግፊቱ ግን እንደወረደ ቀረ፤ ሰውዬውም እንደገረጣ ቆየ። ችግሩ ልብ ላይ ብቻ ሳይሆን የላሉት ደም ሥሮችም ላይ ነበራ! አንዱን ብቻ ነክቶ ሁሉን የሚያስተካክል ክኒን ዛሬም ያልተገኘው ለዚህ ነው።

ተንፈራገጠ ማለት የሚጥል በሽታ ነው ማለት አይደለም

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሳሳታል። አንዳንዴ ጤና ጣቢያውም ጭምር። ልጁ ወድቆ እጁ ወይም እግሩ ካንቀጠቀጠ “አለቀ፣ የሚጥል በሽታ ነው” ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ አንድ የጀርመን ጥናት አለ። ፈቃደኛ የሆኑ ጤነኛ ወጣቶች ትንፋሻቸውን አፈጣጥነውና አምቀው ሆን ብለው ራሳቸውን እንዲስቱ ተደረገ፤ ሁሉም በቪዲዮ ተቀረጸ። ሙሉ በሙሉ ራሳቸውን የሳቱት 42 ነበሩ። ከ100 ዘጠናዎቹ ተንቀጠቀጡ! አንዳቸውም የሚጥል በሽታ አልነበረባቸውም። ደም ያጠረው አንጎል ሰውነትን ያንቀጠቅጣል፤ በቃ ይኸው ነው።

ልዩነቱ ወዲህ ነው። ራሱን የሚስት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ይታወቀዋል። ያጥወለውለዋል፣ ያልበዋል፣ ዓይኑ ይጨልማል፣ ጆሮው ይጮኻል። ፊቱ ይገረጣል። መንቀጥቀጡ ከሰከንዶች አያልፍም፤ ሲነቃም ቶሎ ራሱን ያውቃል፤ “ምን ሆኜ ነው?” ይላል። የሚጥል በሽታ ሲሆን ግን መንቀጥቀጡ አንድ ደቂቃና ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ምላስ በጎን በኩል ሊነከስ ይችላል፤ ከነቃ በኋላም ግራ መጋባቱና እንቅልፉ ረዘም ይላል።

ይህ ልዩነት ወሬ ለማሳመር አይደለም። “የሚጥል በሽታ አለበት” የተባለ ልጅ ለዓመታት ፌኖባርቢታል ሊውጥ ይችላል። ፌኖባርቢታል ለሚጥል በሽታ ብዙዎችን ያተረፈ መድኃኒት ነው፤ ክብር ይገባዋል። ሰልፍ ላይ ለሚወድቅ ልጅ ግን ምንም አይፈይድለትም። ይልቁንም ያንቀላፋዋል፣ ጠባዩን ይለውጠዋል፣ ትምህርቱን ያዳክመዋል። የሠፈሩ ልጆች የሚለጥፉበት ስም ሳይቆጠር! ነገር ግን አደራ፤ ይህን አንብባችሁ የጀመረውን መድኃኒት ራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቆም ራሱ የሚጥል ሕመም ያስነሳል። ጥርጣሬ ካላችሁ ጥያቄውን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ክኒኖቹ ሚዛን ላይ ሲወጡ

አሁን ወደ እናትየው ጥያቄ እንመለስ። ለዚህ ለተለመደው አወዳደቅ የሚታዘዙ ሦስት ዋና ዋና ክኒኖች አሉ።

የመጀመሪያው ፍሉድሮኮርቲዞን ነው። ሥራው ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ሐሳቡ ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ብዙ ውሃ፣ ብዙ ደም፣ ደህና ግፊት። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ ከ30 ጥቂት በሚበልጡ ልጆች ላይ ሲሞከር ግን የተገኘው ሌላ ሆነ። ግማሾቹ ክኒኑን ከጨው ጋር ወሰዱ፤ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን ዋጡ። ደጋግመው የታመሙት የትኞቹ ይመስሏችኋል? እውነተኛውን የወሰዱት! ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም “ለልጅ ይጠቅማል” የሚለውን እምነት አናግቶታል። ክኒኑ ራስ ምታት ያመጣል፤ ፖታሲየም የተባለውን ማዕድን ከደም ውስጥ ይቀንሳል፤ የደም ግፊትንም ከልክ በላይ ሊያወጣ ይችላል።

ሁለተኛዎቹ “ቤታ ብሎከር” የሚባሉት ናቸው፤ ፕሮፕራኖሎል፣ አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል። ድሮ ለዚህ ችግር በሰፊው ይታዘዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ፣ 208 ሰዎችን የያዘ ጥናት ሜቶፕሮሎል ከባዶ ክኒን እንዳልተሻለ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች መመሪያም ተራ ራስን መሳት ላለባቸው ልጆች ቤታ ብሎከር እንደማይጠቅም በግልጽ አስፍሯል። (ይህን ስም ያዙት። ኋላ እንመለስበታለን፤ ታሪኩ ይገለበጣል።)

ሦስተኛው ሚዶድሪን ነው። የላሉትን ደም ሥሮች ያጠብቃል። ከሦስቱ የተሻለ ማስረጃ ያለው ይኼ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት 133 አዋቂዎች ተሳትፈው ነበር። ባዶ ክኒን ከወሰዱት ከ100 61ዱ፣ ሚዶድሪን ከወሰዱት ከ100 42ቱ እንደገና ራሳቸውን ስተዋል። ቻይና ውስጥ ቀደም ብሎ በልጆች ላይ የተደረገ አነስተኛ ሙከራም ተስፋ ሰጪ ነበር። የ2017ቱ መመሪያ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ እምቢ ላለ ልጅ ሚዶድሪን ምክንያታዊ ምርጫ ነው ይላል። ግን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ የሚዋጥ ነው፤ የራስ ቆዳን ያሳክካል፣ ሽንት ሊይዝ ይችላል። ከተዋጠ በኋላ ጋደም ካሉ የደም ግፊትን ስለሚያወጣ ከመኝታ በፊት ባሉት አራት ሰዓታት አይወሰድም። አሜሪካ ያለች አክስት በሻንጣ ልካው ያለ ሐኪም የሚዋጥ ነገር አይደለም!

አንድ ነገር ደግሞ አስተውሉ። በዚያ የ2021 ጥናት ባዶ ክኒን ከዋጡት ውስጥ ከ100 39ኙ ምንም ሳይደገምባቸው ከርመዋል። ራስን መሳት በባሕርይው ይመጣል፣ ይጠፋል። ስለዚህ “እኔ ያዘዝኩት ክኒን አዳነው”፣ “እኔ የነገርኳችሁ ቅጠል አዳነው” የሚለውን ሁሉ ቶሎ አትመኑ። ምናልባት ያዳነው ጊዜ ነው።

ከክኒን በፊት የሚመጣው

ርካሹ ሕክምና ግን የቱ ነው? ውሃ! ልጁ ሽንቱ ነጣ እስኪል ድረስ ቀኑን ሙሉ ውሃ ይጠጣ። ከቤት ቁርስ ሳይበላ አይውጣ። የኩላሊት ወይም የደም ግፊት ችግር ከሌለበት ሐኪሙ በምግቡ ላይ ጨው ጨመር እንዲል ሊፈቅድ ይችላል። ለተቅማጥ ሁላችንም የምናውቀው ኦ.አር.ኤስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ የቻይና ጥናት ደጋግመው ራሳቸውን በሚስቱ ልጆች ላይ ተሞክሮ ጠቅሟል። እስቲ ይታያችሁ፤ በየጤና ጣቢያው ያለ እሽግ!

ሁለተኛው የጡንቻ ዘዴ ነው። ልጁ ሊጥለው ሲል ከታወቀው እግሮቹን አነባብሮ ጭኑንና መቀመጫውን አጥብቆ ይጨብጥ። ወይም ሁለት እጆቹን አቆላልፎ ወደ ግራና ቀኝ ይጎትት። ጡንቻው ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ጥናት ይህን ካልተማሩት ከ100 51ዱ ደግመው ሲወድቁ፣ ከተማሩት ውስጥ የወደቁት 32 ነበሩ። ከሚዶድሪን ውጤት ጋር አስተያዩት። ዋጋው ደግሞ ዜሮ ብር! ካልሆነለት ሳያፍር ቁጭ ወይም ጋደም ይበል። ከመውደቅ ቁጭ ማለት ይሻላል፤ ጥርስ የሚሰበረው፣ ግንባር የሚፈነከተው ሲወደቅ ነው።

አስተማሪዎች ካላችሁ ለእናንተም አንድ ነገር አለ። ሰልፍ ላይ፣ ቅዳሴ ላይ፣ ወረፋ ላይ “ቀጥ ብለህ ቁም!” የምትሉት ልጅ እግሩን ሲያነቃንቅ ቅብጠት ላይሆን ይችላል፤ ላለመውደቅ እየታገለ ይሆናል። ልቀመጥ ካለ ይቀመጥ።

ትንንሾቹስ?

ገና ሦስት አራት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሲቆጣ ወይም ሲመታ አልቅሶ፣ አልቅሶ ትንፋሹ ጥርቅም ይልና ጠቁሮ ወይም ገርጥቶ ዝልፍልፍ ይላል። እናት ነፍሷ ትወጣለች። ይህ ብዙውን ጊዜ ከዕድሜ ጋር የሚጠፋ ነገር ነው፤ ልጁ ሆን ብሎ የሚያደርገውም አይደለም። እዚህ ላይ ግን የጎረቤቷ “ደም ማነስ” ወሬ ሙሉ በሙሉ ስህተት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1997 የዮርዳኖስ ሐኪሞች እንዲህ ለሚሆኑ ሕፃናት የብረት መድኃኒት ሰጥተው አብዛኞቹ ላይ ችግሩ ቆሟል ወይም ቀንሷል። እንዲህ ያለ ሕፃን ካላችሁ ደሙን አስመርምሩ። የብረት ጠብታው ግን በሐኪም ልክ ብቻ ይሰጥ፤ ብልቃጡም ልጅ ከማይደርስበት ይቀመጥ። የብረት መድኃኒት ከመጠን ሲያልፍ ሕፃን ይገድላል።

እዚህ ላይ ግን ቀልድ የለም

እ.ኤ.አ. በ1856 ጀርመን አገር፣ ላይፕዚግ ውስጥ መስማት የተሳናት አንዲት ተማሪ በጓደኞቿ ፊት ስትገሠጽ ወድቃ እዚያው ሞተች። ወላጆቿ ሲነገራቸው ብዙም አልተገረሙም፤ መስማት የተሳናቸው ሁለት ሌሎች ልጆቻቸውም በድንጋጤና በንዴት ሰዓት ሞተውባቸው ነበርና። ከ100 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1957፣ ኖርዌይ ውስጥ የርቬልና ላንገ-ኒልሰን የተባሉ ሐኪሞች አንድ ቤተሰብ መረመሩ። ከስድስት ልጆች አራቱ መስማት የተሳናቸውና በየጊዜው ራሳቸውን የሚስቱ ነበሩ። ሦስቱ በ4፣ በ5 እና በ9 ዓመታቸው በድንገት ሞቱ። ሐኪሞቹ በልብ መመርመሪያው ወረቀት ላይ ያዩት አንድ ነገር ነበር፤ ልብ ከመታ በኋላ ለቀጣዩ ምት ለመዘጋጀት የሚወስደው ጊዜ ከልክ በላይ ረዝሟል።

ይህ በሽታ ዛሬ “ሎንግ ኪው ቲ” ይባላል። በዘር የሚወረስ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ሕመምተኞች እንደ እነዚያ ልጆች ሳይሆን በደንብ የሚሰሙ ናቸው። ከላይ ሲታዩ ፍጹም ጤነኛ ናቸው። ሲሮጡ፣ ሲዋኙ፣ ሲደነግጡ ልባቸው ይተረማመስና ይወድቃሉ። አንዳንዴ ይነሳሉ፤ አንዳንዴ አይነሱም።

አሁን ያቆየነውን ስም አምጡት። ቤታ ብሎከር! ሰልፍ ላይ ለሚወድቀው ልጅ ምንም ያልፈየደው ያ ክኒን እዚህ ሕይወት ያድናል። እነዚያ የኖርዌይ ልጆች ሲሞቱ ገና አልተሠራም ነበር። በ1960ዎቹ ፕሮፕራኖሎል ከመጣ በኋላ ግን የዚህ በሽታ ዋና መከላከያ ሆነ፤ ዛሬም ናዶሎልና ፕሮፕራኖሎል የመጀመሪያ ምርጫዎች ናቸው። በየቀኑ ይዋጣሉ፣ “ዛሬ ደህና ነኝ” ተብሎ አይዘለሉም፣ በድንገትም አይቋረጡም። ልጁ አስም ካለበት ለሐኪሙ ይነገር። እንደ ኤሪትሮማይሲን ያሉ አንዳንድ የተለመዱ መድኃኒቶች ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ አደገኛ ስለሆኑ ማንኛውም ክኒን ከመዋጡ በፊት ሐኪም ይጠየቅ። ክኒኑ ያልበቃቸው ልጆች ልብ ላይ የሚተከል መሣሪያ ሊያስፈልጋቸው ይችላል።

ታዲያ የትኛው ልጅ በአስቸኳይ ይመርመር? እነዚህን በቃላችሁ ያዙ፤

— እየሮጠ፣ ኳስ እየተጫወተ ወይም እየዋኘ ሳለ የወደቀ፤
— በድንገተኛ ድምፅ፣ በድንጋጤ ወይም በንዴት የወደቀ፤
— ምንም ሳይታወቀው ዱብ ያለ፣ ወይም ተቀምጦና ተኝቶ ሳለ ራሱን የሳተ፤
— ከመውደቁ በፊት ልቡ ድው ድው ያለበት ወይም ደረቱን ያመመው፤
— ከቤተሰቡ መሐል በወጣትነቱ በድንገት የሞተ፣ ወይም ዋና እየቻለ ውሃ የበላው ሰው ያለበት፤
— የልብ በሽታ አለበት ተብሎ የሚያውቅ ወይም ከልደት ጀምሮ መስማት የተሳነው።

ከእነዚህ አንዱ ካለ ልጁ እስኪመረመር ድረስ ስፖርት ይቅርበት። ወድቆ በትክክል የማይተነፍስ ከሆነና ቢጠሩት የማይሰማ ከሆነ ደግሞ “ይነቃል” ብሎ መጠበቅ የለም፤ ደረቱን እየተጫኑ እርዳታ መጥራት ነው።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ

“ልጄ ወደቀ” ብቻ አትበሉ። ምን እያደረገ ነበር? ቆሞ ነው ወይስ እየሮጠ? በልቶ ነበር? ከመውደቁ በፊት ምን አለ? ፊቱ ምን መሰለ? ስንት ሰከንድ ቆየ? ሲነቃ አወቃችሁ? ያየ ሰው ካለ አብሮ ይሂድ። አንድ ሰው ልጁን ሲረዳ ሌላው በስልክ ቢቀርጸው ከሺህ ቃል ይበልጣል። ታላቅ እህትና ታላቅ ወንድም የሆናችሁ፣ ይህ የእናንተ ሥራ ነው፤ አባትና እናት በድንጋጤ የሚረሱትን እናንተ ያዙላቸው።

ከዚያም አንድ ነገር በትሕትና ግን በግልጽ ጠይቁ፤ “ዶክተር፣ ኢ.ሲ.ጂ ይነሳለት?” ደረት ላይ ሽቦ አጣብቆ የልብን ምት ወረቀት ላይ የሚያሰፍር ምርመራ ነው። አያምም፤ ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። ደጋግሞ ራሱን የሚስት ልጅ ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሊነሳ ይገባዋል። ሐኪሙ “ክኒን አያስፈልገውም፤ ውሃ ይጠጣ፣ ቁርስ ይብላ” ብሎ ከመለሳችሁ ደግሞ “ምንም ሳይሰጠን!” ብላችሁ አትዘኑ። ያ የተሰጣችሁ ነገር ሕክምና ነው። ጠበል የሚወስዱ አያትም ይውሰዱ፤ የታዘዘው መድኃኒት ግን በጠበል ምክንያት አይቋረጥ፤ ኢ.ሲ.ጂውም አይቅር።

ቆሞ የሚወድቅን ልጅ ውሃ አጠጡት። እየሮጠ የሚወድቅን ልጅ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህቺን አትርሱ።

ቸር እንሰንብት!